በጊዶ ኦረስት ጋራዥ ወለል ላይ የተደረገ ክርክር

የበረዶው ወራት ሊያልቅ ሲል፣ በመጋቢት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጊዶ ኦረስት ውሃ የጠገበ አሮጌ ምንጣፍ ከጋራዣቸው እየጎተቱ ሲወጡ ከጎረቤታቸው ከዳርካ ጋር ተገጣጠሙ። በካናዳ፣ በዮርክተን ከተማ አካባቢ የሚኖሩ የዩክሬን ልጆች ሽማግሌውን ሁሉ ጊዶ፣ አያታችን፣ ነው የሚሉት። ዳርካ ሳስካቱን ሄዳ የግንባታ ሙያ የተማረች፣ ወለል በመሥራት የምትተዳደር ወጣት ናት።

«ጊዶ፣ ብቻዎን? ያለፈው ወር አወዳደቅ አልበቃዎትም?»

«ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል።»

«ጎረቤትዎ እኮ እኔ ነኝ!»

ሽማግሌው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ከጥርስ አላለፈም። እዚሁ ጋራዥ ውስጥ በረዶ አዳልጧቸው የእጃቸው አንጓ ተሰብሯል። ልጃቸው ስላቭካ ከሬጃይና መጥታ፣ «አባዬ፣ የሚቀጥለው ክረምት እዚህ ቤት አያገኝህም» ብላ በአረጋውያን መኖሪያ ክፍል አስይዛላቸዋለች። ሃምሳ ስምንት ዓመት የኖሩበትን ቤት ትተው መሄድ ለእሳቸው ከሞት የማይሻል ነገር ነበር።

«ለመሆኑ ይህን ምንጣፍ ለምን ያነጥፉታል?» አለች ዳርካ።

«ውሃውን ይጠጣልኛ! መኪናዋ በየጎማዋ ሥር አንድ አንድ ባልዲ በረዶ ይዛ ትገባለች። ምንጣፉ ሲጠግብ ካርቶን እደርባለሁ፤ ሲጋግር ጨው እበትናለሁ። አባቴም እንዲህ ነበር የሚያደርገው።»

«አባትዎ የሚያስገቡት ፈረስ ነበር።»

«አፍሽን ያዢ! በፈረስ ዘመን ማንም አልወደቀም።»

«ይሁን እሺ። እኔ የምለው፣ ሊሾውን ጠግነን ውሃ የማያስገባ ሽፋን እንቀባው ነው።»

ጊዶ ኦረስት ምንጣፉን ለቀቁት። «ይህ ወለል አይነካም» አሉ።

ምክንያት ነበራቸው። ወለሉ የፈሰሰው ገና ጎልማሳ ሳሉ፣ በአንድ የበጋ ቀን፣ በደቦ ነበር። አሥራ አንድ ጎረቤት አካፋውን ይዞ መጣ። ሲሚንቶውን በእጃቸው አቦኩት፤ የሚስታቸው ወንድም ሜትሮ በጉልበቱ ተንበርክኮ አለሰለሰው። ሚስታቸው ፓራስካ በጎመን የተጠቀለለ ሩዝ በትልቅ ድስት አቀረበችላቸው። ወለሉ ከደረቀ በኋላ ደግሞ ከጎረቤቶቹ አንዱ ስቴፍኮ አኮርዲዮን ይዞ መጥቶ ጋራዡ የጭፈራ አዳራሽ ሆነ። ፓራስካ ያን ዕለት ጫማዋን አውልቃ ነበር የጨፈረችው። ዛሬ የዚያ ቀን ሰዎች ሁሉ አልቀው ጊዶ ኦረስት ብቻ ቀርተዋል።

«የሜትሮ የእጁ አሻራ እዚህ ላይ ነው» አሉ ወደ ወለሉ እያመለከቱ። «በላያቸው ቀለም ልቀባባቸው?»

የተማረ ሰው አንዳንዴ መልስ ሲያጣ በዕውቀቱ ይኮራል። ዳርካ ግን እንዲያ አላደረገችም። ተንበረከከችና ምንጣፉ የነበረበትን ቦታ በመዳፏ ጠረገችው። የሊሾው ፊት እንደ ደረቀ ዳቦ ቅርፊት እየተላጠ ተነሳ፤ ከሥሩ ጠጠሩ አፈጠጠ።

«ጊዶ፣ የሜትሮ እጅ የታለ?»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩ። ምንም አልነበረም።

ዳርካ ክንዳቸውን ይዛ ምንጣፍ ደርሶበት ወደማያውቀው ጥግ ወሰደቻቸው። እዚያ ሜትሮ የሳበው ቅስት፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረበ፣ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር።

«እዚህ ጨው አልደረሰበትም» አለች ቀስ ብላ። «ጨዉ በረዶውን ሲያቀልጠው ጨዋማው ውሃ ወደ ሊሾው ይሰርጋል፤ ብርዱ ሲጠና መልሶ ይጋግርና ፊቱን ይገፈዋል። ምንጣፉ ደግሞ እርጥበቱን ታቅፎ ይከርማል።»

ጊዶ ኦረስት የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እንግዲያ ያጠፋኋቸው እኔው ነኛ? ካያያዝ ይቀደዳል ማለት ይሄ ነው።»

«ሳይርቅ በቅርቡ ነው፣ ጊዶ። ግማሹ ገና አልተነካም። እኔ የምቀባው ቀለም አይደለም፤ እንደ ውሃ የጠራ ነው፣ ሊሾው ራሱ ይጠጣዋል፣ መልኩም አይለወጥም። መኪናዋ ሥር ጠርዙ ከፍ ያለ የጎማ ምንጣፍ እናደርጋለን፤ የቀለጠው ሁሉ እዚያው ይጠራቀማል።»

«እንደ ከብት ገንዳ?»

«እንደ ከብት ገንዳ። ሲሞላ በውሃ መጥረጊያ ወደ ደጅ ይገፉታል። ጨው ግን እዚህ ቤት ዳግመኛ አይገባም፤ ደጃፉ ላይ አሸዋ ይበትናሉ።»

«ገንዳ ካልሽኝማ ይገባኛል፤ ምነው ከመጀመሪያው እንዲህ ብትይኝ!» አሉ ሽማግሌው፤ አፍንጫቸውንም በመሀረብ ጠረጉ።

ሰኔ ላይ ሊሾው ሲደርቅ ሥራው ተሠራ። ጥር ላይ ስላቭካ የአረጋውያኑን መኖሪያ ወረቀት ይዛ፣ አባቷን ልታስፈርም መጣች። ወረቀቱ ከጥቅምት ጀምሮ፣ ዛሬ ነገ እየተባለ የቆየ ነበር። በረዶ የተሸከመች መኪናዋን ጋራዥ አስገብታ ስትወርድ፣ ሊያዳልጠኝ ነው ብላ እንደ ወትሮው ግድግዳውን ያዘች።

«ግድግዳውን ልቀቂው!» አሏት አባቷ። ከዚያም ነገሩን ሁሉ ራሳቸው እንደ ፈጠሩት ማስተማር ጀመሩ። «አየሽ፣ የቀለጠው ከጠርዙ አያልፍም። እግር የሚረግጠው ደረቅ ስለሆነ የሚጋግር የለም። ሊሾው አይላጥም፣ የመኪናዋም ሆድ በጨው አይበላም፣ ሻጋታ የሚሸት ምንጣፍ መጎተትም ቀረ። ውሃ ማስጠጣት ሞኝነት ነው፤ መሰብሰብና ማስወጣት ነው እንጂ! ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ።»

ስላቭካ ግድግዳውን ለቀቀች። ወለሉን አንድ ጊዜ በጫማዋ ፈተነችው፣ ከዚያም ከዳር እስከ ዳር ተራመደችበት። አባቷም በቤት ጫማ፣ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዘው፣ አንዲት ጠብታ ሳያፈሱ ተከተሏት።

ሻይዋን ተቀበለች። ወረቀቱን ከቦርሳዋ አላወጣችውም።

«አባዬ፣» አለች በመጨረሻ፣ «ሰኞ እደውልላቸዋለሁ። ክፍሉን ለሌላ ሰው ይስጡት።»

ጊዶ ኦረስት ብርጭቆውን አስቀምጠው፣ መጥረጊያውን አነሱና፣ ገና ምንም ውሃ ያልተጠራቀመበትን ወለል ወደ ደጁ መጥረግ ጀመሩ።