የንብ አናቢዋ ሠርግ

ራሕማ፣ ነይ ግቢ። ጃንጥላሽን እዚያ አቁሚው። ምን ዓይነት ዝናብ ነው ዘንድሮ? መካነ ሰላምን ጭቃ ብቻ አደረጋት እኮ። ደግነቱ መብራት አለ... አብሽሪ፣ እዚህ እኔ አጠገብ ተቀመጪ። የበሩ አግዳሚ ተይዟል፤ ዝናብ ያስጠጋው ሰው ነው መቼም። እኛ የራሳችንን እንጫወት።

አክስቴ ሐረግ ገበያ ወጥታለች። ጌም ቤቱን ለኔ ትታ፣ «የእርሻውን ጌም ዛሬ አጥፊልኝ» ብላኝ ሄደች። አልሰማሽም እንዴ? እሁድ እድር ላይ አንድ የሰፈራችን ጨዋ ልጅ ተነስቶ ተናገረ አሉ። ተናገረ ስል... ይቅርታ፣ ተናገሩ። እስከ ባለፈው ሳምንት «አንተ» ስንለው የነበረ ልጅ ነው፤ ከእሁድ ወዲህ ግን አንቱ ካላልን ነውር ነው። «በሐረግ ቤት ሴት ሴትን የምታገባበት ጌም አለ። እህቶቻችን ሳይበላሹ ይጥፋ፤ እነሱም ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ መሄዳቸው ይቅር» አሉ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። አንዱ «ሙሽራዋ ማን ናት?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «ሴትዮዋን እኔ አላውቃትም! በመንገድ ሳልፍ በበሩ በኩል አይቼ ነው» አሉ።

እኔን የገረመኝ ግን አነጋገራቸው ነው። ንቦቹ በሙሽሮቹ ራስ ላይ እንዴት እንደዞሩ፣ ሐምራዊው አበባ እንዴት እንደረገፈ፣ ዘፈኑ ሲያልቅ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው እንዴት ወደ ቤት እንደገቡ... ጓደኛችን የሻለም ከእናቷ ሰምታ ስትነግረኝ «እንባዬ መጣ» አለችኝ። ክፉ ነገር ሲቃወሙ እንኳ እንዲህ አሳምሮ መናገር መታደል አይደለም?

እኔና አንቺ ግን በራሳችን እርሻ እዚያ ሠርግ ደርሰን እናውቃለን? ድንች ተከልን፣ ዶሮ አረባን፣ ዶሮዎቹን ቀበሮ በላብን... ሠርግ የት አየን! ዝም ብሎ አይመጣማ። ንብ አናቢዋን ጠዋት ጠዋት ሄደሽ ሰላም ማለት አለብሽ። የምትወደውን ይዘሽላት መሄድ አለብሽ። እዚያ ጌም ውስጥ ክረምቱ አልፎ፣ በጋው አልፎ፣ ሌላ ክረምት ሲገባ ነው እሺ የምትለው። እሳቸው እንግዲህ በመንገድ ሲያልፉ አዩት። ከአንዱ ክረምት እስከ ሌላው ክረምት... በጣም በዝግታ ሲያልፉ ይሆናል።

ቆይ እስኪ ልክፈተው። ይኸው የኛ እርሻ። ይቺ የደንበኛችን የራሄል ናት። ይቺኛዋስ የማን ትሆን? አጥሩን ተመልከች! ቀፎው በረድፍ፣ አንድ አረም የለ። ባለቤቷ ቀይ ሻሽ ያሰረች ሴት ናት። ሲጀመር ወንድም ሴትም መምረጥ ይቻል ነበር፤ ሱሪ የለበሰው ሰውዬ እዚያው አጠገቧ ቆሟል። እርሻውን የያዘው ተጫዋች ግን ባለ ሻሿን መረጠ። ምን አለበት? ታምርበታለች።

ለምሳ ልንዘጋ ስንል እየመጣ «ትንሽ ብቻ» የሚል ደንበኛ ነበረን። ስሙን ረሳሁት። የዋህ ነገር ነው። መጀመሪያ ለንብ አናቢዋ ገብስ ወሰደላት፣ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ? ጌሙ ውስጥ ዓሣ የሚያጠምዱት አዛውንት አሉ አይደል? ለእሳቸው ስጦታ ማመላለስ ጀመረ። ሽማግሌ ሳይላክማ እንዴት ይሆናል ብሎ! ሄደው ይጠይቁልኛል ብሎ ጠበቀ፣ ጠበቀ... ሽማግሌው እሱኑ ወደዱት እንጂ የትም አልሄዱም። ልስቅ ስል ፊቱን አየሁና ተውኩት። የምትወደው ሐምራዊውን አበባ እንደሆነ የጠቆምኩት እኔ ነኝ። የሠርጉ ዕለት አቀርቅሮ ዓይኑን ሲጠርግ «አቧራ ገባብኝ» አለኝ። በሐምሌ ዝናብ፣ በመካነ ሰላም፣ አቧራ!

ከሠርጉ በኋላስ ሁለቱ ሙሽሮች ምን ሠሩ መሰለሽ? ማር ቆረጡ። ዝናብ ሲመጣ ልብስ ከገመድ ላይ አነሱ። አንዷ ስታመሽ ሌላዋ ፋኖስ ይዛ በር ላይ ቆመች። ሰፈሩን ሊያጠፋ የነበረው ይሄ ነው እንግዲህ። እኔ እንኳ... አንዳንድ ቀን መጫወቱን ትቼ እነሱን ብቻ ሳይ እውል ነበር። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል ነው እንጂ፣ እሁድ እኔም እድር ሄጄ ይህንኑ ብናገር ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ጌሙ ሲጠፋ የኛ ዶሮዎች ብቻ አይደሉም የሚሄዱት። ይሄ ቤትም፣ ቀፎውም፣ ፋኖሷም አብረው ይሄዳሉ። «የኔ ናት፣ አታጥፉብኝ» የሚል ባለቤት ቢገኝ አክስቴን ለምኜ አስቀራት ነበር...

ማንም የለም? ...

ዝናቡ ነው መሰለኝ የሚሰማው። በይ ጆይስቲኩን የበሩ አግዳሚ ጫፍ ላይ፣ እንግዳው አጠገብ ላስቀምጠው፣ እጄ ደከመኝ። ጌሙ «ይጥፋ?» ብሎ ጠይቋል፤ «አዎ» የሚለውን መጫን ብቻ ነው የቀረው። ክብሩ መቼም ነገሩን ላጋለጠ ሰው ነበር የሚገባው፣ አይደል ራሕማ?

... አልተጫነም። አብሽሪ፣ ምን ያስቸኩለናል?

ለእሳቸው እንኳ ክፉ አልመኝም። አሚን በይልኝ፦ ፈጣሪ ደህና ትዳር ይስጣቸው። ጠዋት ጠዋት የሚወዱትን ይዛ የምትመጣ፣ ሲያመሹ ፋኖስ ይዛ በር ላይ የምትቆም... ሰው በተሰበሰበበት ስለ እሳቸው ብትጠየቅም፣ «አላውቃቸውም» የማትል ሚስት ትስጣቸው።