ድንጋዮቹን ያጠብኩ ለት

በእኛ ጊዜ ቁጥር ለቤት ነበር፣ ለሰው ነበር፤ ድንጋይም ቁጥር እንደሚሰጠው ማን ነግሮኝ! ትስቃላችሁ አይደል? ሳቁ፣ ሳቁ። እኔ ግን ያኔ አልሳቅኩም፣ አልቅሻለሁ።

ጊዜው የደርግ ነው። ባሌ ሰሜን ዘምቷል፣ ሦስት ልጆች እጄ ላይ ናቸው፣ እኔ ደግሞ እዚሁ ጂንካ አውሮፕላን ሜዳው አጠገብ አንድ መሥሪያ ቤት ጽዳት ነኝ። እና ንጽሕና ላይ መቼም ታውቁኛላችሁ፣ በሽታ አለብኝ። ቆሻሻ ካየሁ እጄን ይበላኛል። አንቺ፣ ቅድም ጫማሽን ውጭ አውልቂ ያልኩሽ ለምን መሰለሽ?

ታዲያ ከአዲስ አበባ አንድ ዶክተር መጣ። የሰው ሐኪም እንዳይመስላችሁ፣ የድንጋይ ነው። ሰዉ መች አወቀ! "ዶክተር መጣ" ሲባል እግሩ ያበጠው፣ ሆዱን የሚያመው፣ ሁሉ ደጁ ላይ ተሰለፈ። እሱ "እኔ የድንጋይ ነኝ፣ የድንጋይ ነኝ" ይላል፤ አንድ ሽማግሌ "ታዲያ ኩላሊቴ ላይ ጠጠር አለ ተብያለሁ፣ እሱን እይልኝ" አይለውም መሰላችሁ!

ደግ ልጅ ነበር፣ ቀጭን፣ መነጽር ያለው። በላንድሮቨር ወይጦ ይወርዳል፣ አርቦሬ ይደርሳል፣ ሐመር ተራራ ይወጣል፣ እና ሲመለስ ድንጋይ በማዳበሪያ ጭኖ ነው። በየማዳበሪያው ላይ የቦታውን ስም ይጽፋል። አንድ ቀን አላስችል አለኝና ጠየቅኩት።

"ዶክተር፣ አዲስ አበባ ድንጋይ የለም እንዴ?"

"አለ እትዬ። ይሄኛው ግን የባሕር ወለል ይመስለኛል።"

"የጨው ባሕር?" አልኩት፤ ከአርቦሬ በታች ያለውን ማለቴ ነው።

"ኧረ እሱማ የትናንት ልጅ ነው!" ብሎ ሳቀ። ከዚያ እጆቹን እንዲህ ዘረጋና፣ እዩኝ፣ እንዲህ፣ "ድሮ ድሮ፣ ሰውም እንስሳም ሳይኖር፣ በዚህ አንድ አገር፣ በዚያ አንድ አገር፣ መሃሉ ባሕር ነበር። ኋላ አገሮቹ ተጠጋጉና ባሕሩን ዘጉት፤ ወለሉ ተጨምቆ ወደ ላይ ወጣ። ድንጋዩን አድቅቀን ውስጡ ያለውን ስንለካ፣ ከባሕር ሥር የወጣው ከሌላው ይለያል" አለኝ።

እኔ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝና "የኖኅ ውሃ ነዋ!" አልኩት።

"ከኖኅም በፊት ነው፣ እትዬ።"

ከኖኅ በፊት ያለውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ምን እከራከራለሁ?

እና ሥራውን ጨርሶ ሰኞ በአውሮፕላን ሊሄድ ሆነ። ቅዳሜ ጠዋት ላንድሮቨሩን ሊመልስ ወጣ። እኔ ክፍሉን ልጠርግ ስገባ ማዳበሪያዎቹ ጭቃ በጭቃ ናቸው። "ይሄ ጨዋ ሰው ይሄን ጭቃ ተሸክሞ አዲስ አበባ ይግባ? የጂንካ ሰው ምን ይባላል?" ብዬ፣ አወጣኋቸዋ! ድንጋዮቹን ሁሉ ከየማዳበሪያው አውጥቼ፣ በሳፋ ዘፍዝፌ፣ በሳሙናና በቡርሽ ፈተግኳቸው። እያንዳንዱ ላይ ትንሽ ትንሽ ፕላስተር ተለጥፏል፣ ቁስል ላይ የሚለጠፈው፣ በላዩም ተጽፎበታል። እሱንም ልጬ ጣልኩ። ማዳበሪያዎቹንም አጠብኩ። ከዚያ ድንጋዮቹን ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ፣ ትልቁን ከትልቅ፣ ትንሹን ከትንሽ፣ በመጠን በመጠናቸው ደረደርኳቸው። ሲያምሩ! ጥቁሩ ያበራል፣ አረንጓዴው ያበራል። ቆሜ ሥራዬን አደንቃለሁ።

እሱ መጣ። አየ። መነጽሩን አወለቀ። እንደገና አደረገው። ከዚያ መሬቱ ላይ ተቀመጠ።

"እትዬ፣ ቁጥሮቹስ?"

"የቱ ቁጥር?"

"ፕላስተሩ።"

"ጣልኩት። ቆሽሾ ነበር።"

አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብሎ አስረዳኝ። የትኛው ከየት እንደመጣ የሚናገረው ቁጥሩ ነው፤ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ድንጋይ ለሱ ጥናት ከንቱ ነው፤ የሁለት ወር ልፋቱን አጥቤ አፈሰስኩት ማለት ነው። ደብተሩ ላይ እያንዳንዱ ምን እንደሚመስል ጽፏል፣ ግን "ጥቁር አረንጓዴ፣ ከባድ" የሚለው ብቻ ስንት ጊዜ ተጽፏል! በዓይን አይለይም።

ይሄ ብቻ መሰላችሁ? አንድ ካድሬ ነበር፣ ስሙን ተዉት። ወርቅ ይወጣል ብሎ ስለሚሠጋ "ቁጥር የሌለው ድንጋይ ከአውራጃው አይወጣም፣ ሰኞ አንድ በአንድ አያለሁ" ብሏል። እና በዚያን ጊዜ የመንግሥት ሥራ ያበላሸ ሰው "አሻጥር ሠራ" ይባላል። አሻጥር ከተባላችሁ በኋላ "ኧረ እኔ ንጽሕና ወድጄ ነው" ብትሉ ማን ይሰማል? ልጆቼን ለማን ልተው ነው? ሳፋውን አቅፌ አለቀስኩ።

ታዲያ ቅዳሜ ገበያ ነው። ገበያተኛው በአጥራችን ሥር ያልፋል። ጎይቲ የምትባል የበና ሴት ነበረች፣ የወፍጮ ድንጋይና መጅ ሻጭ፣ ጂንካ፣ ቀይ አፈር፣ ወይጦ የማትዞርበት ገበያ የለም። ድንጋይ በወግ ተደርድሮ ፀሐይ ላይ ስታይ፣ ሌላ ሻጭ የመጣባት መስሏት ተቆጥታ ገባች!

"ሻጭ ማነው? ገበያ እዚያ ነው! ለምን እዚህ ይሸጣል?"

"አይሸጥም" አልኳት እያለቀስኩ።

አልሰማችኝም። አንዱን አነሳች። "ይሄ መጅ ነው? ትንሽ ነው። ለሕፃን ነው?" ገለበጠችው፣ በጥፍሯ ጫር አደረገችው፣ ከዚያ ላሰችው! "ይሄ ወይጦ ነው። ወንዙ ከታች። ይሄ አሸዋ ይሰጣል፣ ዱቄት ያበላሻል።" ወረወረችው። ሌላ አነሳች፣ በሌላ ድንጋይ ቋ፣ ቋ አደረገችና ጆሮዋን ሰጠች። "ይሄ ሐመር ነው። ጎበዝ ነው።"

ዶክተሩ ብድግ አለ። ደብተሩን ገለጠ። "ወይጦ፣ ወንዙ ግርጌ፣ ሻካራ፣ አሸዋ የሚረግፈው" የሚል እዚያ አለ። እሱም ያንኑ ድንጋይ አንስቶ ላሰው! ለካስ የነሱም ሙያ መላስ አለበት፤ ሁለት ድንጋይ ላሽ ተገናኘላችሁ።

እና ተቀመጡ፣ እሷ ትናገራለች፣ እሱ ደብተሩን እያየ ይጽፋል። መሃል ላይ ግን ተጠራጠረ መሰለኝ፣ ቀስ ብሎ ከበሩ ሥር አንድ ድንጋይ አምጥቶ ቀላቀለ። ጎይቲ አነሳችው፣ አየችው፣ እሱን አየችው። ወንዱንም ሴቱንም "አንቺ" ነው የምትለው።

"አንቺ ውሸታም! ይሄ የዚህ በር ነው። ስገባ እግሬን መታኝ!"

ከዚያ ወዲያ አልፈተናትም። አራት ድንጋይ ግን "አላውቅም" አለችና ገፋቻቸው። እኔ "እባክሽ አንዱን ቦታ ጥሪለት" ብዬ ለመንኳት፣ ለሥጋቴ። እሱ ተቆጣኝ፤ በዚያን ቀን የተቆጣው ያኔ ብቻ ነው። "አላውቅም ስላለች ነው ያወቀችውን የማምናት" አለኝ።

ሁለት ድንጋይ ደግሞ አንድ ላይ አስቀመጠች፤ አንዱ ከሐመር ተራራ፣ አንዱ ከወይጦ ማዶ። "እነዚህ እህት ናቸው።"

"አይሆንም" አለ እሱ፣ "በመሃላቸው የሁለት ቀን መንገድ አለ። በየራሳቸው የተፈጠሩ ናቸው።"

"እህት ሩቅ ታገባለች" አለችው። በቃ። እሱም ሳቀና ጻፈው።

ሲጨርሱ ብዕሩን አንስቶ "ስማችሁን ንገሩኝ፣ ልመዝግበው" አለ። እሷ "ጎይቲ!" አለች፣ ገበያው እስኪሰማ። እኔ ደግሞ መዝገብ ሲባል ወደ ኋላ ሸሸሁ።

"የኔን ይተዉት፣ ዶክተር።"

"ለክፉ አይደለም፣ እትዬ።"

"ለደጉም ቢሆን ይተዉት። ልጆች አሉኝ።"

ሰኞ ካድሬው መጣ። ያልታወቁት አራቱ ግቢው ውስጥ ቀርተዋል፤ የሌላው ፕላስተር ሁሉ አዲስ፣ ድንጋዩ ሁሉ እንደ ሙሽራ የታጠበ። "ማነው ያጠባቸው?" አለ። እኔ መጥረጊያዬን ይዤ በሩ ጋ ደርቄያለሁ። ዶክተሩ ፊቱን እንኳ ሳያዞር "እኔ ነኝ ያሳጠብኩት፤ ጭቃ ይዞ አይጫንም" አለ። በቃ፣ አለፈ። ያን ሰው እስከ ዛሬ በጸሎቴ አነሳዋለሁ።

ዓመት አለፈ፣ ካድሬውም ወደ ሌላ ቦታ ተቀየረ፣ እና አንድ ቀን ለመሥሪያ ቤቱ ፖስታ መጣ። የታተመ ጽሑፍ ነው፣ የሱ ጥናት፣ በእንግሊዝኛ። አንድ ወጣት ጸሐፊያችን ሠራተኛውን ሰብስቦ እየተረጎመ አነበበልን። ሁለቱ ድንጋዮች ሲለኩ ውስጣቸው አንድ ሆኖ ተገኘ ይላል፤ የአንድ ባሕር ወለል ናቸው ይላል። ደስ አለኝ፤ የዚያኑ ቅዳሜ ለጎይቲ ሄጄ ስነግራት "ነግሬው የለ እንዴ?" ብላ ወደ ደንበኛዋ ዞረች።

እና መጨረሻ ላይ ምስጋና አለ። "ለጎይቲ፣ የወፍጮ ድንጋይ ነጋዴ" አለ ጸሐፊው። ሁሉም አጨበጨበ። ቀጠለ፤ "እንዲሁም" አለ፣ "ስሟ እንዲጻፍ ላልፈለገችው፣ ናሙናዎቹን በሙሉ በሳሙና ላጠበችው የመሥሪያ ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ።"

የሰው አንገት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። በመሥሪያ ቤቱ ጽዳት ያለሁት እኮ እኔ ብቻ ነኝ!

ተመልከቱልኝ እስቲ። ስሜን ደብቄ ጥፋቴን አሳተምኩ! ሃ ሃ ሃ!