አንድ ኮከብ የሰጠኝ ሰው

ቃል ሰጪ፦ በገበያው ሰፈር «መቀስ» በመባል የሚታወቀው ልብስ ሰፊ
ዕድሜ፦ 57
አድራሻ፦ ከፋርማሲው ጎን ያለው ሕንፃ፣ ምድር ቤት፣ በር ቁጥር 6
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት
ጉዳዩ፦ በሌላ ልብስ ሰፊ ሱቅ ውስጥ መስታወት መስበር

ካልፈለግሁ አለመናገር እንደምችል መርማሪው አስረድቶኛል። እኔ ግን ስሙን ደብቆ የሚያወራ ሰው ስላልሆንኩ ያደረግሁትን እንደሚከተለው እናገራለሁ።

ከላይ በተገለጸው አድራሻ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ልብስ ስንሰፋ ሃያ ሦስት ዓመት ሆኖናል። እኔ እለካለሁ፣ እቆርጣለሁ፤ እሱ ይሰፋል። ሁለት ቤተሰብ የሚተዳደረው በዚሁ ሱቅ ነው። ከአራት ሳምንት በፊት፣ ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ለራሱና ለሚዜዎቹ ሰባት ሙሉ ልብስ ያዘዘ ሙሽራ መጥቶ ትእዛዙን ሰረዘ። ምክንያቱን ስጠይቀው ስልኩን ፊቴ ላይ ደቀነ። ራሱን «እውነቱ ይውጣ» ብሎ የሰየመ አንድ ሰው በኢንተርኔት ላይ ለሱቄ ከአምስት አንድ ኮከብ ብቻ ሰጥቶ «ጨርቁ ውሃ ሳይነካው ይቆረጣል፤ ልብሱ አንዴ ሲታጠብ ይጠባል፣ ያጥራል፤ ያሳፍራል» የሚል ጽሑፍ አስፍሯል።

እንዲህ ያለውን ፍጡር ከሰው አልቆጥረውም። ፊት የለው፣ ስም የለው፤ ሶፋ ላይ ተጋድሞ በአውራ ጣቱ የሰው ጉሮሮ ይዘጋል። አንባቢው ደግሞ ይብሳል። ከሠርጉ እስከ ጡረታው ኮት የሰፋሁለት ሰው እንኳን እኔን ትቶ ስም የለሹን አመነ። በሁለት ሳምንት ውስጥ በሬን የሚያንኳኳ ጠፋ፤ የሱቁን ኪራይ ከየት እንደማመጣ ጨነቀኝ። ወደዚህ ጣቢያ መጥቼ ጸሐፊው ተይዞ እንዲታሰርልኝ አመልክቻለሁ። መርማሪው ማመልከቻዬን ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው፤ ይህም እንዲጻፍልኝ ጠይቄአለሁ።

ጽሑፉን ደጋግሜ ሳነበው ግን አንድ ነገር ገባኝ። ደንበኛ እንዲህ አይጽፍም። ደንበኛ «ሱሪው አጠረብኝ» ብሎ ይነጫነጫል እንጂ ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት ተነክሮ መድረቅና መተኮስ እንዳለበት ከየት ያውቃል? ስለዚህ የጻፈው ሰፊ ነው አልኩ፤ ሰፊ ከሆነ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ካለው «ፈጣኑ» ከሚባለው ሌላ ማንም አይሆንም ብዬ ደመደምኩ። ይህ ሰው ቁልፍ የሚተክለው በሙጫ ነው ቢሉኝ አምናለሁ። ይህንኑ ለወንድሜ ስነግረው ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል «ጋሼ፣ እሱ አይመስለኝም» አለኝ። «አንተ ደግሞ ለማንም ታዝናለህ» ብዬ አለፍኩት።

ዛሬ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የእንጨት ማስመሪያዬን እንደያዝኩ መንገዱን ተሻግሬ ወደ «ፈጣኑ» ሱቅ ገባሁ። እሱ አንዲት ሴት እየለካ ነበር። «ዓይንህን በጨው የታጠብክ! ስምህን ደብቀህ ስሜን ታጠፋለህ?» አልኩት። እሱም «ሰውዬ፣ ስለ አንተ የምጽፍበት ጊዜ የለኝም፤ ደንበኞችህን እያስተናገድኩ ነው» ብሎ ሳቀ። ደሜ ፈላ። ማስመሪያውን ስሰነዝር እሱን ስቶ ትልቁን መስታወት አገኘው። ሰው አልተጎዳም። መስታወቱን የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም።

ወንድሜ ተከትሎኝ መጥቶ ኖሮ በሩ ላይ ቆሟል። «ጋሼ፣ ይተዉት። የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ። «ፈጣኑ» ሳቁን አቆመ፤ ሴትየዋም ከነሜትሩ ቆማ ቀረች። ምን በድዬህ ነው ብዬ ጠየቅሁት።

«ምንም አልበደሉኝም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቶሎ ለማድረስ ብለው ሳይነክሩ ነው የሚቆርጡት። ሦስቴ ነገርኩዎት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። አባት ሆነው ያሳደጉኝን ሰው ከዚህ በላይ በምን አፌ ልናገር? ከማያውቁት ሰው ሲመጣ ይሰማሉ ብዬ ነው። ለእርስዎ ብቻ የሚደርስ መስሎኝ ነበር። አገር ሁሉ እንዳየው ሳውቅ ላጠፋው ብሞክር እንዴት እንደሚጠፋ አላወቅሁበትም» አለኝ።

በጽሑፉ ላይ የሰፈረው ሐሰት ነው ወይ ተብዬ በመርማሪው ተጠይቄአለሁ። እውነት ነው። አራት ሳምንት ሙሉ ማን ጻፈው እያልኩ ስባዝን እውነት ነው ወይ ብዬ ራሴን አንድ ቀን አልጠየቅሁም። እንዲያውም ከሦስት ወር በፊት አንድ አዛውንት ደንበኛ «ጨርቁ ተነክሯል?» ብለው ሲጠይቁኝ «በሚገባ!» ብዬ ምዬላቸዋለሁ። ወንድሜ አጠገቤ ነበር። አቀርቅሮ መስፋቱን ቀጠለ። ከሁለታችን ፈሪው እሱ እንዳልሆነ አሁን ይገባኛል።

ይህን ሁሉ የተናገርኩት ለፖሊስ ነው። ወንድሜን ግን በሰው ፊት «ከዓይኔ ጥፋ!» ነው ያልኩት። እሱም የሱቁን ቁልፍ አውጥቶ በሁለት እጁ አቀበለኝ፤ እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ተሰናብቶኝ ሄደ። ይህን ቃል እስከሰጠሁበት ሰዓት ድረስ ስደውልለት ስልኩን አያነሳም።

የተጻፈው ተነብቦልኝ አዳምጫለሁ። እንደተናገርኩት ሆኖ ስላገኘሁት፣ እውነት ስለመሆኑ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የቃል ሰጪው ፊርማ ____________

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________