አሥራ ዘጠኝ ደንብ ለአንድ አስተያየት

በየቀኑ አራት መቶ ሰው ገብቶ አንብቦ ሲወጣ፣ አንድ እንኳ ትንፍሽ የሚል የሚጠፋው ለምንድን ነው?

ጥያቄው የአጎቷ ነበር። የጠየቋትም ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ላይ ሳይታሰብ ተገናኝተው ነው። እሷ ሩቅ አገር ተምራ ከተመለሰች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው፤ ለሥራ ማመልከቻ የምታያይዘውን ዲግሪ ልታባዛ መጥታለች። እሳቸው የእናቷ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የስፌት መኪና ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል።

"ዲግሪ ታባዢያለሽ፤ ለአንዲት ጥያቄ ግን አፍሽ ተያዘ" አሉ።

"ብሎግዎን ገና ሳላየው ምን ልበል፣ ጋሼ?"

"እንግዲያው ቶሎ እዪው። ቅዳሜ ልዘጋው ነው። እዚህ የመጣሁትም ጽሑፎቼን በወረቀት ላስቀር ብዬ ነው።"

ሁለት ዓመት ሙሉ መርፌ ለምን እንደሚሰበር፣ ክር ለምን እንደሚቋጠር፣ የሚያውቁትን ሁሉ ጽፈው ነበር። አንባቢ እንዳለ ቆጣሪው ይናገራል። አንባቢው ግን አይናገርም። ከዝምታውም ጋሼ አንድ ነገር ደምድመዋል፤ ያ ሁሉ ዘመን የተሰበሰበ ሙያ ለማንም አይጠቅምም። ይህን ሲሉ ስለተበጠሰ የስፌት መኪና ቀበቶ የሚያወሩ ያህል ድምፃቸው አልተለወጠም። የያዙትን ወረቀት ጠርዝ ግን ያጥፉታል፣ ይዘረጉታል፣ መልሰው ያጥፉታል።

ወረፋቸው ደርሶ ጽሑፎቹን የተቀበለችው የፎቶ ኮፒ ቤቱ ሠራተኛ ቀና አለች። "አባባ፣ ይሄ ሁለት ገጽ፣ አሥራ ዘጠኝ የአስተያየት ደንብ፣ በየጽሑፉ ላይ እየተደጋገመ ነው። ደንቡ ከጽሑፉ ሊበልጥ ነው እኮ! ላውጣው?"

"ተይው፣ ይግባ።"

የእህታቸው ልጅ አንዱን ገጽ ሳብ አድርጋ ማንበብ ጀመረች። "ደንብ አራት፤ ሙሉ ስሙን ያልጻፈ ሰው አስተያየት አይወጣም። ደንብ ዘጠኝ፤ ቀደም ያሉትን ጽሑፎች በሙሉ ያላነበበ አይጠይቅም። ደንብ አሥራ አንድ፤ እርማት የሚያቀርብ የሥራ ልምዱን በዓመት ይግለጽ። ኧረ ጋሼ! ይሄ ብሎግ ነው የድንበር ኬላ?"

"ሥርዓት ነው።"

"እኔ ብሆን ዘጠነኛው ላይ ስደርስ ዞር ብዬ እሄዳለሁ።"

"አንቺማ ድሮስ መቼ ትቆያለሽ? እዚያም ሦስት ሥራ ጀምረሽ ሦስቱንም ጥለሽ አይደል የመጣሽው?"

ይሄ አባባል ጠቅ አደረጋት፤ እውነት ስለሆነ ግን ሳቀች። "ይሁን። እነዚህ ደንቦች ከየት መጡ?"

ጋሼ እያንዳንዱን ከነታሪኩ ያውቁታል። አራተኛው የወጣው አንዱ በቅጽል ስም ተከልሎ ስለሰደባቸው ነው። ዘጠነኛው፣ አንዲት ሴት ሁለቴ የመለሱላትን ሦስተኛ ስለጠየቀቻቸው። አሥራ አንደኛው፣ መርፌ ይዞ የማያውቅ ጎረምሳ ሊያርማቸው ስለተነሣ።

"በጠቅላላው ስንት ሰው ነው ያስቸገረዎት?"

በጣታቸው ቆጠሩ። "አምስት። ግፋ ቢል ስድስት።"

"ለስድስት ሰው ብለው አራት መቶውን ይፈትሻሉ ማለት ነዋ።"

"ፋብሪካ ውስጥ አንዱ ጣቱን ሲወጋ ማስጠንቀቂያው የሚለጠፈው ለሁሉም ነው።"

"ማስጠንቀቂያውን አንብቦ መኪናው አጠገብ የሚደርስ ቢጠፋስ? ደግሞ እኮ ደንብን ከላይ እስከ ታች የሚያነበው ጨዋው ነው። ተሳዳቢ መች አንብቦ ይሳደባል?"

ጋሼ ሂሳባቸውን ከፍለው የተባዛውን ወረቀት አቀፉ። የእሷ ወረፋ ደርሶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄደች። ኮምፒውተሩ መስኮቱ ሥር ነው፤ ጥግ ላይ በእግር የምትረገጥ አሮጌ የስፌት መኪና ቆማለች። ደንብ ጥሰዋል ተብለው ያልወጡ፣ ጋሼም ከአስተያየት ያልቆጠሯቸው ጽሑፎች የሚጠራቀሙበትን ሣጥን ከፈቱ። ስልሳ ሦስት ነበሩ። ስድቡ አምስት ብቻ ነው።

"ይቺን ይስሙ" አለች። "'ዚፕ ሰፊዋ' ትላለች ራሷን። 'ጋሼ፣ ወፍራም ጨርቅ ሲሰፋ የላይኛውን ክር ማጥበቂያ ብሎን አንድ ዙር አጥብቁ ብለዋል። ለፋብሪካ መኪና ይሆን ይሆናል። በእግር የሚረገጠው ላይ ግን ሦስት መርፌ ሰበረብኝ። ግማሽ ዙር ሳላላው ነው የሰፋልኝ። ተሳስቼ እንደሆነ ይንገሩኝ።'"

"ምን መለስኩላት?"

"'አስተያየትዎ ደንብ 4ን እና 11ን ስለሚጥስ አልወጣም።' ከሰባት ወር በፊት ነው።"

ጋሼ ተነሥተው የድሮ ሱሪ እግር አራት ጊዜ አጠፉና ጥግ ያለችው መኪና ላይ አስቀመጡ። ብሎኑን እንደጻፉት አጠበቁ፤ ረገጡ። መርፌው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ሌላ መርፌ አስገብተው ብሎኑን ግማሽ ዙር አላሉት። ከዳር እስከ ዳር ሰፋ።

"ሰባት ወር" አሉ። "ሰባት ወር ሙሉ የሰው መርፌ ሳስሰብር ኖሬያለሁ።"

ቅዳሜ መዝጋቱ ቀረ። እሷ ግን ስላሸነፈች ጥቂት ተቻኮለች፤ ሁሉንም ደንብ እናንሣ አለች። ጋሼ ራሳቸውን እየነቀነቁ እሺ አሉ። በአራት ቀን ውስጥ አንድ የፀጉር ቅባት ሻጭ ዘጠኝ ጊዜ ለጠፈ፤ ሁለት ልብስ ሰፊዎች በዘይት ዓይነት ተጣልተው እናት ለእናት ተሰዳደቡ። አንዲት አንባቢ ደግሞ በኢሜይል "ልጠይቅ ነበር፤ ስድቡን ሳይ ተውኩት" ብላ ጻፈች።

"አየሽ፣ አንቺ የተማርሽው?"

"አየሁ። ደንብ ሲበዛም ሰው ይሸሻል፣ ጨርሶ ሲጠፋም ይሸሻል። ይሄኛውን አላሰብኩትም ነበር።"

ቁጭ ብለው ሦስት ብቻ ጻፉ። አይሳደቡ። ማስታወቂያ አይለጥፉ። ስሕተት ካገኙብኝ ይንገሩኝ። ከሥሩም ጋሼ ራሳቸው ጨመሩበት፦ "በወደዱት ስም ይጻፉ። የተጠየቀውን ቢደግሙም አልቀየምም። አስተያየትዎን ባወርደው ምክንያቱን እነግርዎታለሁ።"

በአንድ ወር አርባ አንድ አስተያየት መጣ። ዋናው ግን ብዛቱ አይደለም፤ ቦርሳ የሚሰፋ አንድ ሰው ጋሼ የማያውቁትን የስፌት መኪና ቀበቶ አጠጋገን አስተማራቸው። አንድ ጥያቄ አራት ሰው ሲደጋግመው፣ ጥፋቱ የጠያቂዎቹ ሳይሆን የጽሑፉ መሆኑን አይተው እንደገና ጻፉት። ሳይቆዩም አንባቢዎቹ እርስ በርስ መመላለስ ጀመሩ፤ ተሳዳቢ ብቅ ሲል ከጋሼ ቀድመው ሦስቱን ደንብ የሚያስታውሱት እነሱ ሆኑ። ይጠብቀኛል ያለውን ደንብ ሰው ራሱ ይጠብቀዋል።

"ገባኝ" አሉ ጋሼ አንድ ቀን። "ዝም ያሉት ስለማልጠቅም አልነበረም። ዝም በሉ ብዬ ነው።"

ያን ዕለት ስለ ክሩ ብሎን የተሳሳቱበትን ጽሑፍ አረሙ። "ይህን ያረመችን" ብለው ጽፈው ቀጣዩን ቦታ ባዶ ተዉት። ከዚያ በሁለት ጣት፣ ፊደል በፊደል እየፈለጉ፣ ለዚፕ ሰፊዋ ኢሜይል ጻፉ።

"ልክ ነበሩ፤ ሞክሬ አየሁት። ያኔ የመለስኩልዎት ነውር ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጽሑፉ ላይ ላመሰግንዎት እፈልጋለሁ። በየትኛው ስም ልጥራዎት? ቅጽል ስሙም ይበቃል።"

ላኩት። በማግስቱ መልስ መጥቶ እንደሆነ ከፍተው አዩ፤ በሳምንቱም አዩ። በወሩ የእህታቸው ልጅ ልትጠይቃቸው መጥታ ብሎጉን ስትከፍት፣ ከ"ያረመችን" ቀጥሎ ያለው ቦታ አሁንም ባዶ ነበር።