ሐሙስን ያስተማርኳቸው ሽማግሌ

ባለፈው ሐሙስ ከቆቦ ተነስቼ ለጉዳይ ዋጃ ሄድኩና የአባቴ ወዳጅ አያ ይመር ቤት ጎራ አልኩ። ምሳ ቀረበ፤ እሳቸውም ታጥበው አብረውኝ ተቀመጡ። እንዲህ በሐሙስ ቀን ሲጎርሱ ሳይ አዘንኩላቸው፤ እየበላሁ የሃይማኖት ምክሬን፣ ዳዕዋዬን ጀመርኩ።

«አያ ይመር፣ ሰኞና ሐሙስን መጾም እኮ ሱና ነው። ፈርድ፣ ግዴታ ባይሆንም አጅሩ፣ ምንዳው ብዙ ነው። መንገደኛ ባልሆን እኔም ዛሬ እጾም ነበር።»

«ማሻ አላህ» አሉና በትንሹ ጎረሱ።

ይሄኔ ሚስታቸው ከገበያ ገብተው በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ። «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ጾመኛ አልነበርክም እንዴ?»

የያዝኩት ጉርሻ እጄ ላይ ከበደኝ።

«እና እንግዳ ብቻውን ይብላ?» አሉ አያ ይመር። «ደግሞ ዝም በይ፣ ስለ ጾም እየተማርኩ ነው።»