የሽሽቱ ሥዕልና ከፊት ለፊቱ የተሰቀለው

ክብርት ዳይሬክተራችን ሱዩምካን፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የሙዚየማችን ባልደረቦች፤

በጉን ላረዳችሁት፣ የቦርሶኩን ሊጥ ለጠበሳችሁት፣ ይህን ነጭ ቆብ ራሴ ላይ ለደፋችሁልኝ ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ቆቡ ትንሽ ሰፍቶኛል። ጡረታ የወጣ ሰው ራሱ ያብጣል ብላችሁ ከሆነ፣ ቀስ እያለ ይሞላዋል።

ሾፌራችን ካልሙርዛ በሩ ላይ ይዞኝ፣ "ባይኬ፣ አጠር ያድርጉት፤ ሥጋው ይቀዘቅዛል" ብሎኛል። ባይኬ የሚለኝ ለታላቅነቴ ነው። አጠር ያድርጉት የሚለኝ ደግሞ ስለሚያውቀኝ ነው።

እዚህ ስቀጠር ሥራዬ ምን ነበር? ያላየሁትን መሳል። ካሜራ ያልደረሰበት ዘመን ሁሉ "ኤሰንቤክ በዘይት ቀለም ይሳለው" ይባል ነበር። የሞቱ ሰዎች አያስቸግሩም። አፍንጫዬን አተለቅህብኝ ብሎ አቤት ያለ አንድም የድሮ ገዥ ካን አልገጠመኝም። የልጅ ልጆቻቸው ግን ይመጣሉ።

ዛሬ ስለ ሽሽቱ ሥዕል ልናገር።

ከሩሲያውያን አገዛዝ ነፃ በወጣን ማግስት ክረምት ላይ፣ ያኔ ዳይሬክተራችን የነበረው ሟቹ ሻርሼን አስጠራኝና "አሁን ተፈቅዷል፤ ሽሽቱን ሳለው" አለኝ። ወጣቶቹ በትምህርት ቤት ተምራችሁታል። እኛ ግን በሹክሹክታ ነው የሰማነው። በ1916 ዛሩ ወንዶቻችንን ለዓለም ጦርነቱ የጉልበት ሥራ ሲጠራ ሕዝቡ ተነሣ። በሐይቃችን ዳር የሰፋሪ ሩሲያውያን መንደሮች ተቃጠሉ። ከዚያ ሠራዊቱ መጣ፤ ሕዝባችንም በበረዶ ውስጥ ተራራውን አቋርጦ ወደ ቻይና ሸሸ። ብዙው መንገድ ላይ ቀረ።

ተራራውን አውቀዋለሁ። በረዶውንም ፈረሱንም አውቃለሁ። የቸገረኝ አንዲት እናት ነበረች፤ መሸከም አቅቷት ልጇን በረዶው ላይ የምታስቀምጥ እናት። እያየሁ እንድሥላት ማን ትቁምልኝ? ከሴቶቻችን አንዷም እሺ አላለችም። "ሟርት ነው፣ ባይኬ፤ ሌላ ነገር ይዘዙኝ" ይሉኛል። ልጆች ነበሯቸው፤ አልፈረድኩባቸውም።

"እኔ እቆምልሃለሁ" ያለችው ዚናይዳ ናት። ያቻት፣ መስኮቱ ጥግ የተቀመጠችው፤ የተጎዱ ሥዕሎችን ስትጠግን የኖረችው። የእናቴን ካባ ለበሰች፤ ብርድ ልብስ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አቀፈች፤ ግቢው በረዶ ላይ ተንበረከከች።

"ይበቃል ዚና፣ ተነሺ" አልኳት።

"ጨረስክ?"

"እጅሽን ብቻ ነው የሣልኩት።"

"እንግዲያው ምን ታስነሣኛለህ? ሥራህን ሥራ።"

ከየመንደሩ የሚመጡ ሽማግሌዎች ቆመው የሚያለቅሱላቸው እጆች የእሷ ናቸው። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለዛሬው ፈቃዷን ጠይቄያለሁ።

ሥዕሉ ሲያልቅ ፊቱ ቆማ ብዙ አየችው። ከዚያ "የኔዎቹስ የት አሉ?" አለችኝ።

አያቷ ከሐይቁ ዳር ሰፋሪዎች አንዱ ነበር። ሕዝቡ በተነሣበት በጋ እሱና ሁለት ሴት ልጆቹ ተገደሉ፤ ቤቱ ተቃጠለ። አባቷ ሸምበቆ ውስጥ ተደብቆ ነው የተረፈው።

"ያንቺዎቹ ከኋላ ናቸው፤ ጠመንጃ የያዙት" አልኳት።

ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ክረምቱን በሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ስንሠራ "በሩን ዝጋው" ከማለት በቀር አላነጋገረችኝም። ወታደሮቹ ከኋላ ነበሩ፤ እሱ እውነት ነው። ግን አያቷ ወታደር አልነበረም፤ ስንዴ ዘሪ ነበር። የተቃጠለውን ቤት በሥዕሉ ጥግ ላይ ሞከርኩት። አንዱን ሞት በሌላው ማካካሻ መሰለብኝና ፋቅኩት።

በጸደይ ሻርሼን ዘንድ ገባሁ። "ሌላ ሸራ ስጠኝ" አልኩት፤ ምክንያቱንም ነገርኩት።

"ኤሰንቤክ፣ ይህ ሕዝብ የራሱን ሙታን በግልጽ ማልቀስ የጀመረው ገና ትናንት ነው" አለኝ።

"አውቃለሁ።"

"ድንጋይ ይወረውሩብናል።"

"በእኔ መስኮት ይጀምሩ።"

ሸራውን ሰጠኝ። ዚናን "የአያትሽን ቤት ንገሪኝ" አልኳት። ሰማያዊ የመስኮት መዝጊያ፣ የውኃ ጉድጓድ፣ በአጥሩ ላይ ያዘነበለ ሱፍ አበባ እያለች አባቷ የነገራትን ነገረችኝ። ቤቱን የሚለኩሰው ባለ ችቦ ሰውዬ ብቻ ሳይሣል ቀረ። ፊቱን ከየት ላምጣ? ጎረቤቴን ጠርቼ "ና፣ ቤት አቃጣይ ሁንልኝ" ልበል? መስታወት አመጣሁና ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ።

ዚና መጥታ ሰውዬውን አየች፤ እኔን አየች። "ጢምህን አሳምረኸዋል" አለች። ወንበር ስባ ተቀመጠችና "ሻይ ቅዳልኝ" አለችኝ።

ሥዕሎቹ ፊት ለፊት ተሰቀሉ። ከሁለቱም ወገን ቁጣ መጣ። ሻርሼን ዋና ከተማ ድረስ ተጠርቶ ተወቀሰ። "ሁለቱም ይሰቀላሉ፤ ካልሆነ እኔን አውርዱኝ" ብሎ ተመለሰ። አላወረዱትም።

ክብርት ዳይሬክተር፣ አዳራሹ ሲታደስ ትንሹ ሥዕል፣ የተቃጠለው ቤት፣ መጋዘን ይገባል የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። ወሬ ከሆነ ይቅርታዎን እለምናለሁ። እውነት ከሆነ ግን፣ ከመወሰንዎ በፊት በሁለቱ መካከል አንድ ከሰዓት በኋላ ይቀመጡ፤ ሰው እንዴት ወዲያና ወዲህ እንደሚዞር ይመልከቱ። ሌላ የምጠይቀው የለኝም።

አሁን መዳፋችሁን ዘርጉልኝ፣ ልመርቃችሁ። ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ልጆቻችሁ ባደጉበት ደጅ ያርጁ። ማንም ከቤቱ ሸሽቶ አይውጣ፤ የማንም ቤት አይቃጠል። በእኔ ቦታ ለሚተካውም ሠዓሊ የሚሳል መከራ ይጥፋለት፤ ሰርግና መኸር ብቻ እየሣለ ይሰልቸው። አሜን።