የሲስተራችን ተማሪዎች

ሲስተር፣ ዛሬ መሸኛዎ ስለሆነ መልስ መስጠት አይፈቀድልዎትም፤ ቁጭ ብለው ይሰማሉ።

እዚህ ክሊኒክ የመጡ ዕለት ጥበቃችን «ሌባ ይዣለሁ!» ብሎ ነበር የጠራን። ብንወጣ፣ አንዲት ሴትዮ ከአስተዳዳሪው ቢሮ ወንበሮች አግተልትለው እየወጡ ነው።

«የት ሊወስዱት ነው?» አለ ጥበቃው።

«ለማስተምርበት ክፍል።»

«እናቴ፣ ተሳስተዋል። ትምህርት ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው!»

እርስዎም «ጉልበቱ ያበጠ ሕመምተኛ ቆሞ አይማርም» ብለውት አለፉ። አስተዳዳሪያችን ወንበሮቹን እስካሁን እየጠየቀ ነው።

እኔም የመድኃኒት ቤቱ ሰው ብሶት አለኝ። አንድ ቀን በመስኮቴ ብቅ ብለው ወፍራም ጓንት አጠለቁልኝና «በል፣ ይህን የክኒን ጠርሙስ ክፈት!» አሉኝ። ስታገል ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀብኝ። «የእኔ የመገጣጠሚያ ሕመምተኞች ጣት ጠዋት ጠዋት እንዲህ ነው፤ የሚቀል ክዳን አምጣ» አሉ። አመጣሁ፤ ምን ምርጫ አለኝ!

ከክፍልዎ መውጣትስ ቀላል ነው? «ገብቶኛል» ያለ ሰው አለቀለት። «እንግዲያው እኔ በሽተኛ፣ እርስዎ ነርስ፤ ያስረዱኝ» ይሉታል። አንድ አዛውንት ሹፌር «ኧረ ሲስተር፣ መንጃ ፈቃድ ሳወጣም እንዲህ አልተፈተንኩ!» ብለው ላብ በላብ ሆነው ሲወጡ አይቻለሁ።

አሁን ቀልዱን ልተው።

ያቺ ከባለቤቷ ጋር ፊት ለፊት የተቀመጠችው ልብስ ሰፊ ወደ እኛ ስትመጣ መርፌ መያዝ አቅቷት ነበር። ሩማቶይድ የሚባለው የመገጣጠሚያ ሕመም ጣቶቿን አሳብጦባት፣ ሱቋን ዘግታ ነበር። ሐኪሙ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሰኞ ሰኞ ብቻ የሚዋጥ ክኒን አዘዘላት። በየቀኑ ከተዋጠ ደም የሚሠራውን መቅኔ ይጎዳል፤ ሰው ይገድላል። ይህን እስክታስረዳዎት ድረስ አልለቀቋትም።

ሳምንቱ መሀል ላይ ሕመሙ ጠናባት። ባለቤቷ ስቃይዋን ማየት አልቻለም። ክኒኑን በአንድ እጁ፣ ውሃውን በሌላ እጁ ይዞ መጣ።

«ዋጪው በናትሽ፤ እስከ ሰኞ ትሞቺብኛለሽ።»

«ብውጠው ነው የምሞተው።»

«ደግሞ መቼ ሐኪም ሆንሽ?»

«አልሆንኩም፤ ተምሬ ነው። ይልቅ ስልኩን አቀብለኝ።»

ደወለች። እርስዎም «ደግ አደረግሽ፤ ክኒኑ ይቀመጥ፤ አሁኑኑ ይዞሽ ይምጣ» አሏት። ሐኪሙ አያት፣ ሕክምናዋም ተስተካከለ። እብጠቱ ቀስ በቀስ ጎደለ፤ ሱቋም ተከፈተ። ዛሬ የለበሱትን ቀሚስ የሰፋችው እሷ ናት።

ሲስተር፣ እኔ መድኃኒቱን በመስኮት አቀብዬ «ቀጣይ!» እላለሁ፤ ቤት ገብቶ የሚሆነውን አላይም። ያን ቀን እነሱ ቤት ሐኪም አልነበረም፣ እኔም አልነበርኩም። የነበረው እርስዎ ያስተማሩት ነው። ከእርስዎ ጋር አንድ ኮሪደር ላይ ሠራሁ ስል ደረቴን ነፍቼ ነው። ስለ ሁላችንም እግዜር ይስጥልን።

አንድ ነገር ደብቀንዎታል። ክፍሉ አይዘጋም። ሰኞ ተተኪዋ ነርስ ታስተምራለች፤ አጠገቧ ቆማ ለአዲሶቹ ሕመምተኞች የራሷን ታሪክ የምትነግራቸው ይህችው ልብስ ሰፊ ናት። ለምነናት አይደለም፤ ራሷ ናት የጠየቀችን።

በሉ ተነሡ፣ ብርጭቋችሁን አንሡ! ሲስተር፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፤ የልጅ ልጆችዎን ታቅፈው የሚስቁበት ዘመን ይሁንልዎት። ለመምህራችን!